በ«ነስ» የሚያልቁ ሕመሞች

ሆስፒታሉ ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት አንድም ሰው አልነበረም። ለሐኪሙም፣ ለዘበኛውም፣ ለአስታማሚውም «ነስዬ» ናት። ስሙን የለጠፉባት የልብስ እጥበት ክፍል ሴቶች ናቸው፤ እነሱ አንዴ የለጠፉትን ስም ደግሞ በረኪናም አያስለቅቀውም።

ነስዬ አስተርጓሚ ከመሆኗ በፊት ከነዚሁ ሴቶች ጋር አንሶላ አጣቢ ነበረች። እኔም እዚሁ ሆስፒታል እሠራለሁና ሥራውን ለማያውቅ ልንገር፤ እርጥብ አንሶላ ከሰው ይከብዳል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ቤት ስትገቢ የነካሽው ሁሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ቀኑን ሙሉ ያንን ስትጎትት ትውልና ከሥራ መልስ እግሯን እየጎተተች እንግሊዝኛ ልትማር ትሄዳለች። እናቷ «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ስትላት «ምንም ልሁን፣ ብቻ እጄን የማያረጥብ ሥራ ይሁን» ትላታለች። እናትየው በስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ትስቅና «ሂጂ እሺ፣ ሂጂ» ትላለች።

አስተማሪው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጋሼ ቃል የሚያስተምሩት በጅራቱ፣ በመጨረሻ ድምፁ፣ ይዘው ነው። «እንግሊዝኛ እንደ አይጥ ነው፤ ጅራቱን ካልያዝከው ጉድጓዱ ይገባል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ለያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ጅራት አደሉ። ለደላላው «ሺፕ» ደረሰው፤ ፓርትነርሺፕ፣ ኦነርሺፕ እያለ ሰፈሩን አሰለቸ። ለነፍሰ ጡሯ «ሁድ» ደረሳት፤ ማዘርሁድን ሳትወልድ በፊት ተርጉሚ ተባለች፣ ምስኪን። ለእኛዋ አንሶላ አጣቢ «ነስ» ደረሳት።

ታዲያ እኚህ ሰውዬ ትርጉም ሲጠይቁ እንደሌላው አስተማሪ አይደለም። «ሃፒነስ ማለት ደስታ ነው» ካልሽ ዝም ብለው ያዩሻል። ያዩሻል፣ ያዩሻል፣ ከዚያ «ስሙን ለወጥሽለት እንጂ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። በየትኛው ሰው ላይ አየሽው?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ቃል የምታውቂውን አንድ ሰው ካልሰጠሽው ተምረሻል አይሉሽም። ሰው የሌለበት ቃል ወና ቤት ነው፣ ማንም ይገባበታል ባይ ናቸው።

ነስዬም ቃሎቿን ሰው በሰው አደረገቻቸው። ሎንሊነስን ለአከራይዋ ሰጠች፤ ከቤት ሲወጡ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ የሚያናግር ድምፅ እንዲጠብቃቸው። ካይንድነስን ለሥራ ጓደኛዋ ሰጠች፤ ሳሙና ሲካፈሉ ትልቁን ጉማጅ ትተውና «እኔ አረፋ አልወድም» ትላለች። ስቲፍነስ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው፤ ተነስ ሲሉት መጀመሪያ እጆቹ ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ወገቡ ያስብበታል፣ ጉልበቱ እሺ ያለ እንደሆነ ይቆማል። ነምነስ ደግሞ ስኳር ያለባት አሮጊት ጎረቤቷ ናት፤ ምስማር ጫማዋን በስቶ እግሯ ውስጥ ገብቶ ሳለ ገበያ ደርሳ ተመልሳ፣ ወለሉ ላይ ደም ያሳየቻት ነስዬ ናት። ሴቶቹ ልብስ ሲያስጡ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነስ አደረግሽ?» ይሏታል። ስሙም ከዚያው ጸና።

የባዕድ አገር ሐኪሞች በየዓመቱ ሊያክሙ መምጣት ሲጀምሩ፣ ሰው ጠፍቶ «እስኪ አንቺ ሞክሪ» ተባለች። ሞከረች፤ በዚያው ቀረች። ነጭ ጋውን ለበሰች፣ ደረቷ ላይ ባጅ አደረገች፣ ወንበር አገኘች። እናቷ የመጀመሪያውን ቀን ጋውኑን አገላብጣ አይታ «ስፌቱ አይረባም» አለችና በራሷ እጅ እንደገና ሰፋችው። ኩራቷን የምትናገረው በዚህ ዓይነት ነው።

የአስተርጓሚ ወንበር ሦስት ደንብ አለው። በሽተኛው «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» ትያለሽ፤ አፍሽን ታውሺዋለሽ። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም። ለዘመድሽ አትተረጉሚም። ደንቡን የምታስከብረው ሲስተር የምትባለው የነርሶቹ አለቃ ናት፤ ስታልፍ ወሬ ሁሉ ይቋረጣል። ነስዬ ደንቡን የያዘችው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነበር። ሁለተኛው አስተርጓሚ ግን ሌላ ነው። ክራቫት ካላሰረ ከቤቱ አይወጣምና ስሙም «ክራቫት» ነው። በሽተኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተርክ ቆይቶ ዝም ሲል፣ ክራቫት ወደ ሐኪሙ ዞር ይልና «ሆዱን ያመዋል» ይላል። ነስዬ ቤቷ ገብታ ይህንን ለእናቷ ስታወራ በንዴት ትንጨረጨራለች። «ሰው ሕይወቱን አውርቶለት እሱ ቅንጣቢዋን ነው የሚያደርሰው» ትላለች።

ነገሩ የጀመረው በመቀስ ነው። እናቷ መቀስ ጣለች። ሰው መቀስ ይጥላል፤ ምን አለበት። ከዚያ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባላት ጎረቤት መጥራት ጀመረች፤ «ዓይኔ ነው» አለች። ከዚያ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ግድግዳውን ተደግፋ ሆነ፤ «ወለሉ ያንሸራትታል» አለች። አንድ ቀን ነስዬ ከሥራ ስትገባ የተቃጠለ ነገር ሸተታት፤ እናቷ ካውያውን በቀኟ ይዛ እየተኮሰች ነው፣ የግራ አውራ ጣቷ ከካውያው ጎን ተለጥፏል። ቆዳው ተልጧል። እናቷ ስለ ጎረቤት ታወራለች። ነስዬ እጇን መንጭቃ ስታነሳው «ምነው?» አለች እናቷ፣ በእውነት ገርሟት።

ለሌላ ሰው ልጅ ይህ እርጅና ነው። ነስዬ ግን ሐኪሞቹ ሲጠይቁ ስንት ጊዜ ሰምታለች። ነምነስ፣ ዊክነስ፣ ክለምዚነስ፣ አንስቴዲነስ። አካል ሲደነዝዝ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ እጅ የለመደውን ሥራ ሲረሳ፣ እግር መሬቱን ሲጠራጠር። አራቱ በአንድ ሰው ላይ ተከታትለው ከመጡ፣ አንገት ውስጥ ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ እየጠበበ ነው። ለማን እንደምትሰጠው ሳታስበው ቃሉ ሁሉ ራሱ እናቷ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«ሐኪሞቹ ሲመጡ እወስድሻለሁ» አለቻት።

«አንገቴን ትንሽ ነው የሚያመኝ።»

«ሁሉንም ትነግሪዋለሽ። እጅሽንም።»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ደግሞ ዘመድ መሆናችንን እንዳታወሪ። ወረፋ አዘለለቻት ይሉኛል።»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቷ። ለዘመድ አይተረጎምም የሚለውን ደንብ ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ለሲስተርም እናቴ ናት አላለችም። ብላ ቢሆን እናቷ ለክራቫት ልትሰጥ ነው፤ እሱ ደግሞ «አንገቷን ያማታል» ብሎ ሊሸኛት። እንዲያ ከሚሆን ደንቡ ይሰበር አለች። በዓለም ላይ የእናቷን አፍ ሳያንጠባጥብ የሚያደርስ ከሷ ሌላ ሰው ያለ አልመሰላትም።

ሐኪሞቹ በመጡ ሳምንት፣ በመጨረሻው ቀን፣ አዳራሹ ከበሽተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ ውስጥ በተደረደሩት ጠረጴዛዎች ላይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ በሽተኛው ይዞት የመጣው ራጅ ይታያል እንጂ ምርመራ የለም፤ በመልሱ የተመረጠ ወደ ውስጥ ገብቶ ይመረመራል፣ ከተፈቀደለትም ቀዶ ጥገናውን ያገኛል። ያልተመረጠ ማስታገሻ ይዞ ለከርሞ ይመለሳል።

ጠዋት ለነስዬ መጀመሪያ የደረሳት አንድ ግንበኛ ነበር። ወንድሞቹ ተሸክመው አመጡት። እንግዳው ሐኪም ጠየቀው፣ እግሮቹን አያቸው፣ ከዚያ ዝግ ብሎ ተናገረ። እሷም በደንቡ «እኔ» እያለች አደረሰችለት፤ «እጅህ መድከም ሲጀምር ብትመጣልኝ ኖሮ በሽታውን አቆመው ነበር። አሁን እግሮችህን ልመልስልህ አልችልም።» ግንበኛው ሐኪሙን አላየም፤ ያየው እሷን ነው። ቃሉ ከእሷ አፍ ነዋ የወጣው። ወንድሞቹ አንስተው ሲወስዱት ውሃ ለመነች።

ከግንበኛው ሦስት አራት ሰው ቆይቶ እናቷ ገብታ ተቀመጠች። ቀኑ ሞቃት ነው፤ እሷ ግን ትልቅ ሻርፕ ተከናንባለች፣ የግራ እጇም ከሻርፑ ሥር ነው። ክራቫት በቀጣዩ ጠረጴዛ ተቀምጧል፣ ሲስተር ከበስተጀርባ ቆማለች። ሐኪሙ መጠየቅ ጀመረ፤ ነስዬም እናቷን እንደማታውቃት ሆና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አለቻት።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አንገቴን ነው፣ የኔ ልጅ። ትንሽ ነው» አለች እናቷ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደምታናግር ሁሉ።

«እጅዎ ይደነዝዛል? ሲነኩት አይታወቅዎትም?»

«ኧረ የለም።»

ነስዬ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ግድግዳውን ታያለች። መቆየት አይቻልም፤ ሐኪሙ ይጠብቃል። «ነምነስ የለብኝም» አለች በእንግሊዝኛ። «እኔ» ብላ ነው የምትናገረው።

«ጉልበት ያንስዎታል? ዕቃ ከእጅዎ ይወድቃል?»

«ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው። ስፌት እሰፋለሁ።»

«ሲሄዱስ? ያንገዳግድዎታል?»

«እየሄድኩ አይደል የመጣሁት?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እናቷ ይሄን ውሸት ስታለማምደው ከርማለችና አሁን እንደ ላባ ቀሏታል። ነስዬ እያንዳንዱን መልስ አደረሰች። ዊክነስ የለብኝም። ክለምዚነስ የለብኝም። አንስቴዲነስ የለብኝም። የገዛ አፏ የእናቷን እጅ እየቀበረ ነው፤ እያወቀች። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ አየ፤ በዚህ ዕድሜ የሁሉም አንገት እንዲህ ነው አለና የማስታገሻውን ወረቀት ሳብ አድርጎ መጻፍ ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አይ፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ እጄ ይደክማል» ብላ በእንግሊዝኛ ብትጨምር ማን ያውቃል? እናቷ እንግሊዝኛ አትሰማም። ክራቫት በራሱ በሽተኛ ተይዟል። እኔ ብሆን እጨምር ነበር፣ አልዋሽም። እሷም አፏን ከፍታለች። ግን ቃሉ ሊወጣ ሲል ግንበኛው ፊቷ ድቅን አለ። ያ ሰው ያመናት የራሷን ነገር አትጨምርም ብሎ ነው። ደግሞስ እናቷ ራሷ ሳትል፣ ሳታውቅ፣ በልጇ ፈጠራ ተነድታ ከቢላዋ ሥር ልትተኛ? ሐኪሙ ፈርሞ ወረቀቱን ዘረጋላት።

ነስዬ አልተቀበለችም። ተነሳች፣ ባጇን ከደረቷ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ ይህቺ እናቴ ናት። ደብቄ ነው። ሌላ አስተርጓሚ ይምጣ።»

ሲስተር መጣች፤ ፊቷ ከሰል መስሏል። በእጇ ለክራቫት ምልክት ሰጠችው። ክራቫት ክራቫቱን እያስተካከለ መጥቶ በነስዬ ወንበር ተቀመጠ። ነስዬ ዞራ ከእናቷ ጎን፣ ከበሽተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና እንግሊዝኛዋን ሁሉ ትታ በእናቷ ቋንቋ ተናገረች። ስለ መቀሱ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ካውያው። ክራቫትም ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ነምነስ፣ ክለምዚነስ፣ አንስቴዲነስ አለባት ትላለች» አለ። ይኸው ነው። ለካ አንዳንዴ ይበቃል።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ እናትየው ዞረ። ክራቫት «እማማ፣ ልጅዎ ያለችው እውነት ነው ወይ ይላሉ» አላት።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አለች እናቷ። «ቀኑን ሙሉ በሽታ ስትሰማ ስለምትውል ሁሉ ሰው የታመመ ይመስላታል።»

«እማዬ፣» አለች ነስዬ።

«ምንም አልሆንኩም አልኩ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። ሐኪሙ ከአንዷ ወደ አንዷ አየ። በሽተኛዋ የለብኝም ካለች ምን ያድርግ? በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ከዚያ ሰው ጀርባ ደግሞ ሌላ። ሲስተር ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋውኑንም አውልቂና ቢሮ ጠብቂኝ» አለቻት። ነስዬ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረች። እናቷ ይህን ጊዜ ዞር አለች።

«ለምንድነው የምታወልቂው?»

«ለእናት መተርጎም ክልክል ነው።»

«ወረፋ ነው ብለሽኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

«ታዲያ ሊያባርሩሽ ነው?»

«እንጃ እማዬ። ሳይሆን አይቀርም።»

እናቷ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ባጅ አየች፣ ክራቫት የተቀመጠበትን ወንበር አየች። «እኔ አንቺን ከዚያ ወንበር እንዳላስነሳ ብዬ እኮ ነው» አለች። «ቀዶ ጥገና ብለው አልጋ ላይ ካስተኙኝ ማን ያገላብጠኛል? አንቺ ነሻ። ሥራሽን ትተሽ የኔን አንሶላ ልታጥቢ። እግሬ እስኪከዳኝ እንደምንም ብዬ ልቻለው፣ እስከዚያ እሷ እንኳ ትቀመጥ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«አውቀሽ ነው? እግርሽ እንደሚከተል አውቀሽ?»

«ምን አላውቅም። ራስሽ አይደለሽ ማታ ማታ ስለ በሽተኞችሽ የምታወሪልኝ።»

ከዚያ የግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ከሻርፑ ሥር አወጣችውና እንደ ሰው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ።

«ንገረው» አለችው ክራቫትን። «ታሳጥራለህ ይሉሃልና አታሳጥር።»

ክራቫት ቀላ። እናቷም ተናገረች። ሻወር ቤት ሁለቴ እንደወደቀች ተናገረች፤ ነስዬ ይህን አታውቅም። ጨርቁን በክርኗ ተጭና እንደምትሰፋ፣ ደንበኞቿ ስፌቱ ተንጋደደ ብለው መቅረት እንደጀመሩ ተናገረች። ነስዬ ይህንንም አታውቅም። ከዚያ ወደ ልጇ ሳታይ፣ «ስትገባ ጭንቅላቷን የምዳብሳት በቀኝ እጄ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው» አለች። «በዚህኛው ስዳብሳት የልጄ ፀጉር ይሁን የስፌት መኪናው ጨርቅ አላውቀውም።»

ክራቫት አንዲት አጭር ቃል እንደሚፈልግ ያስታውቅበታል። ከዚያ ቃሏን ትቷት፣ በደንቡ «እኔ» ብሎ፣ ሁሉንም ተናገረ፤ የልጄን ፀጉር ከነጨርቁ፣ አንዱንም ሳያስቀር። ነስዬ በገዛ ወንበሯ ከተቀመጠ ሰው አፍ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ሰማችው። ነምነስ ማለት ምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ተርጉማለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ቀደደው። ተነስቶ እናትየውን በክንዷ ደገፈና የውስጠኛውን በር ከፈተ። ክራቫት ተከተላቸው። ነስዬ ባጅ የላትምና በሩ ላይ ቀረች።

ቀዶ ጥገናው በዚያው ቀን ተሠራ። ሐኪሙ የሄደውን እንመልሳለን አላለም፤ የቀረውን ግን እንይዛለን አለ። እግሮቿ ተረፉ፤ ዛሬም ትሄዳለች። ነስዬ ከወንበሩ ተነስታ ወደ እጥበት ክፍል ተመለሰች። ደንብ ደንብ ነው፤ ሲስተርን አላማትም። ክራቫትን ግን አየዋለሁ፤ ወሬው ረዝሟል፣ ሐኪሞቹ ሰዓት እያዩ ይሰሙታል። ሴቶቹ ነስዬን «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው እርጥብ አንሶላ አሸከሟት።

እናቷ ከሆስፒታል ከወጣች ከሳምንታት በኋላ፣ ነስዬ ከሥራ ገብታ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተች፣ እናቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ የግራ እጇን በቀኟ አንስታ ጭንቅላቷ ላይ አኖረችው። እጁ ከበድ ይላል።

«ይሰማሻል?» አለች ነስዬ።

እናቷ አሰበች። ድሮ ቢሆን አዎ ትል ነበር።

«አይሰማኝም» አለች፤ እጇንም አላነሳችውም።